የሰንበት ዶሮና የማክሰኞ ቁስል

እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ሺምሾን ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስንኖር ልጄ ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከኢትዮጵያ ከመጣን ገና ብዙ አልቆየንም። ሐኪሞቹ ቁስሉ ቶሎ ይገጥማል ብለው ወደ ቤት ሰደዷት፤ ቁስሉ ግን አልገጥም አለ። እሷም እየከሳች፣ ከአልጋዋ ለመነሳት ግድግዳ ትደገፍ ጀመር። ልጆቿን ማጠቡም፣ ማብሰሉም፣ ገበያውም በእኔ ላይ ወደቀ። ጉልበቴ ደረጃው መሃል ላይ ይከዳኝ ነበር።

ቁስሉን የምታጥብ አኾት፣ ነርስ ማለት ነው፣ ከክሊኒክ ትመጣለች። አንድ ማክሰኞ ፋሻውን ፈትታ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። በዕብራይስጥ ተናገረች።

«ምን አለች?» አልኳት ልጄን።

«ምንም። ደህና ነው ትላለች።»

«አትዋሺኝ፣ ፊቷን አይቻለሁ።»

ልጄ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንዲህ ከቀጠለ ሆስፒታል ትመለሻለሽ ነው የምትለኝ። ትናንት ምን በላሽ ትላለች።»

«እንጀራ በድንች በያት።»

«ከትናንት ወዲያስ ትላለች።»

«እሱኑ።»

«ቅዳሜስ?»

እዚህ ላይ ቀና አልኩ። «ሰንበትማ ዶሮ ነው! ለሁሉም እኩል ደርሶታል። አንድም ሰው አላጉረመረመም ብለሽ ንገሪያት።»

እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ሰንበት፣ ማለትም ቅዳሜ፣ እመቤት ናት። ሳምንቱን በድንችና በሩዝ ገፍተን፣ ደህና ደህናውን ለእሷ እናቆያለን። ሰንበት ሥጋ የበላ ሰው ለሳምንቱ ይበቃዋል ብዬ አምን ነበር፤ እናቴም እንዲሁ ታምን ነበር።

«ሳቭታ» አለችኝ ነርሷ፣ አያት ሆይ እንደማለት ነው። ቀሪውን ልጄ ተረጎመችልኝ። ገላን የሚጠግነው ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት ደግሞ እሱን እንደ ስብ አያስቀምጥም። የቅዳሜው ለማክሰኞ አይተርፍም። በየቀኑ፣ ጠዋትም ቀትርም ማታም ያስፈልጋል፤ ቁስል ላለበት ደግሞ ከጤነኛው ይበልጥ።

«ታዲያ ሰንበትን ልዝረፋት?» አልኩ። «ደግሞስ ልጄ ከልጆቿ አብልጣ የምትበላው በየትኛው ፍርድ ነው?»

ነርሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም። ሥጋ ብቻ አይደለም አለች፤ እንቁላሉም፣ አይቡም፣ ባቄላውም፣ ምስሩም ይቆጠራል። ምስር ስትል በራሴ ተናደድኩ። በአገራችን ምስር ከጓዳዬ ጠፍቶ አያውቅም። እዚህ ስንመጣ ድንች ቶሎ ይበስላል ብዬ፣ ስለደከመኝ፣ ተውኩት።

ከሄደች በኋላ ብቻዬን ወጥ ቤት ተቀምጬ አሰብኩት። በእርሻ ጊዜ በሬን እሁድ አጥግበን እስከ ዓርብ በባዶ ሆዱ አንጠምደውም። ጫንቃው ለተላጠው በሬ ደግሞ አተላም ገብስም እንጨምርለታለን፤ ሌሎቹ በሬዎች ተበደልን አይሉም።

ዓርብ የሰንበቱን ዶሮ ሠርቼ ግማሹን ለሥራ ቀናት አስቀመጥኩ። ከቀረውም ትልቁን ቁራጭ ለልጄ ሰጠኋት።

«እማዬ፣ አልበላውም። ልጆቼ እያዩኝ አይወርድልኝም።»

«ይወርዳል።»

«እኩል እኩል እያልሽ አሳድገሽኝ!»

«እኩል ያልኩት እኩል ለሆነ ነው። ካንቺ ሌላ ቁስል ያለው ካለ ያሳየኝና እጨምርለታለሁ።»

ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ገልጣ እምብርቷን አሳየችኝ። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ መሳቁ አሳመማት፤ ከዚያ በላች።

ከዚያ በኋላ ጠዋት እንቁላል፣ ቀትር ምስር፣ ማታ አይብ ወይም ያስቀመጥኩትን ዶሮ አቀርብ ጀመር። ለሰንበት ከድሮው ያነሰ ደረሳት፤ በጸሎቴ ምክንያቱን ነግሬያታለሁ። ቀድሞ የሚያደክመኝ ዓርብ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁሉም ቀን ዓርብ ሆነብኝ። ቁስሉም እንደ እኔው ቀስ እያለ፣ ከጠርዙ እየተያያዘ መጣ።

አንድ ጠዋት ነርሷ አየችው፣ ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው። «ሆስፒታል መመለስ የለም» አለች። ልጄ አለቀሰች። እኔም ተመስገን ልል አፌን ብከፍት ማዛጋት ቀደመኝ።