ፊቱን ሳይገልጥ በቅሎ የወሰደው ሰውዬ

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን... ጧት እኔው ሆኜ ከቤት ወጣሁ፣ ከቀትር በኋላ ግራዝማች ሆኜ በበቅሎ መጣሁ። አትሳቁ፣ መጀመሪያ ስሙኝ።

ነገሩ የጀመረው በጭጋግ ነው። የእኛ የመንዝ ጭጋግ እንደ ሌላ አገር ደመና ከላይ አይውልም፤ በር ከፍተህ ስትወጣ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል።

አጎቴ ሽብሩ በቅሎ ነጋዴ ነው። ከሞላሌ ገበያ ገዝቶ፣ ቀልቦ፣ ገርቶ ይሸጣል። አንድ ቀን በዚያ ጭጋግ መሀል አንድ ሰው በእግሩ መጣ። ጥቁር በርኖስ ለብሷል፣ በኩታ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኗል፣ በግራ እግሩ ያነክሳል።

«ግራዝማች ንጋቱ ነኝ» አለ።

ግራዝማችን አይተናቸው አናውቅም። ጫካ ካሉት አርበኞች አንዱ መሆናቸውን፣ ግራ እግራቸውንም ጥይት እንዳገኛቸው ግን ሰምተናል። እና አጎቴ ምን ያድርግ? ተሸፋፍኖ የመጣን ትልቅ ሰው «ፊትህን ግለጥ» ማለት ነውር ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ደግሞ የአርበኛን ማንነት አጥብቆ የጠየቀ ባንዳ ይባላል። ስለዚህ እጅ ነሣ፣ ዳማዋን በቅሎ ከነኮርቻዋ አወጣ፣ እርካብ ይዞ አሳፈረው። ዋጋዋ በሳምንቱ ይመጣል ተባለ። እኔም እዚያው ነበርኩ... ሰውዬውና በቅሎዋ ጭጋጉ ውስጥ እንደ ጨው ሟሙ።

በሳምንቱ እውነተኛው ግራዝማች፣ ጫካ የገቡትን የአገራችንን ልጆች አስከትለው፣ በእግራቸው እያነከሱ ከተፍ! በቅሎ ሊገዙ!

አጎቴ የሆነውን ሲነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። «እንዲህ በእግሬ እየተጎተትኩ፣ በበቅሎ የሄድኩትም እኔው ነኝ?»

አጎቴ አልሳቀም። ያቺን በቅሎ የገዛት ሁለቱን በሬዎቹን ሸጦ ነው። ክረምቱ ሳትተካ ከገባ የሚያርስበት የለውም። ጣሊያን ምሽግ ሄዶ እንዳይከስ፣ «በቅሎዬን ለአርበኛ ሰጠሁ» ሊል ነው? መልሱ ገመድ ነው።

የቀረው አውጫጪኝ ነው። በእኛ ዘንድ ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው ከተገኘ ሌባው ከነዘመዱ ይከፍላል፣ ካልተገኘ አገሩ አዋጥቶ ይተካል።

ተቀመጥን። አንድ ቀን... ሁለት ቀን። ከጎንህ ያለው ሰው ድምፁ እንጂ ፊቱ የለም። ከጭጋጉ በላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ሰው ሁሉ አንገቱን ቀበረ። አላየነውም፣ አላየንም። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ሁላችንም ከአንድ እንቅልፍ የነቃን መሰለኝ።

ሽማግሌው አባ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አገር የሚተካው የተሰረቀን ነው። አንተ ሽብሩ፣ ተሰርቀሃል ወይስ ሰጥተሃል?»

«ኧረ ተሰርቄያለሁ አባቴ!»

«እርካቡን ማን ያዘለት?»

«እኔ...»

«እርካብ ተይዞለት የሚሄድ ሌባ የት ታይቷል?»

«ስም ሰርቆ ነዋ የመጣው!»

«እንግዲያው የተሰረቁት ግራዝማች ናቸው። ይምጡና ስለ ስማቸው ይክሰሱ!»

ሜዳው አውካካ። አባ ተክሌም ሞቅ አላቸውና «እኔ ብሆን ፊቱን ሳላይ ልጓም አላስይዝም ነበር» አሉ።

ሰይጣኔ የተነሣው ይሄኔ ነው። እኔ ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ ያመለጥኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ድምፅ መቅዳት ግን ማንም ሳያስተምረኝ አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ለሽንት ብዬ ተነሣሁ። ቤት ሄጄ የአጎቴን በርኖስ ደረብኩ፣ እስከ አፍንጫዬ ተሸፋፈንኩ፣ በረት የቀረችውን አሮጌ በቅሎ ጫንኩ። መንገዱ አይታይም፣ የራሴ እጅ አይታየኝም... ኮቴዋ ብቻ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ትንሽ እንደሄድኩ ግራ እግሬን እውነት ያመኝ ጀመር። «እንዲህ ነው እንዴ ሌላ ሰው መሆን?» እያልኩ ነበር።

ሜዳው ስደርስ «ግራዝማች ንጋቱ ነኝ» ብል አገሩ ሁሉ ብድግ! አባ ተክሌ ሮጠው እርካቤን ያዙ።

«እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ!»

«ይህቺ ደክማብኛለች» አልኩ ድምፄን አወፍሬ። «ያንተዋ የታለች?»

«ይኸው ጌታዬ! ትውሰድዎት!» የራሳቸውን በቅሎ ስበው አመጡ፣ ልጓሟን አስያዙኝ፣ እርካብ ይዘው አሳፈሩኝ።

ተደላድዬ ተቀመጥኩና ኩታዬን ገለጥኩ።

«አባቴ፣ ተሰርቀዋል ወይስ ሰጥተዋል?»

ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ከዚያ ሜዳው ፈረሰ። አባ ተክሌ ግን በጣታቸው ጠቆሙኝ።

«ሌባው ተገኘ! ያቺንም የወሰዳት ይሄ ነው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እኔ ሌባ ከሆንኩ ከፋዩ ዘመዴ ነው፤ ዘመዴ ደግሞ አጎቴ። የገዛ በቅሎውን ለራሱ ሊተካ ነው!

«ጋሼ፣ ያን ቀን አጠገብህ አልነበርኩም?» አልኩት።

«በዚያ ጭጋግ ማን ማንን አየ?» አለ አንዱ።

አጎቴ ትክ ብሎ አየኝ። እውነቴን ነው፣ እሱ እስኪናገር ድረስ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩት።

«አይደለም» አለ በመጨረሻ። «እርካብ ስይዝለት እግሩን አይቼዋለሁ። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ ነው። ይሄ የዋልጌ እግር ነው፤ ሥራ ነክቶት አያውቅም!»

እግሬን ዞረው አዩት። አንድም የሚከራከር ጠፋ! ልቆጣ ነበር... ተውኩት።

አባ ተክሌ የበቅሏቸውን ልጓም ከእጄ ተቀበሉ። «ሁላችንም ቆመንለታል» አሉ። «እርካብም ይዣለሁ። እንዲህ ያለው ስርቆት ነው። አገር ይተካ።»

አጎቴ መሬት ሳመ። እኔም ልሸለም ስጠብቅ ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ከእንግዲህ በየገበያው ቀን ከበቅሎ ተራው በር ቁም። ተሸፋፍኖ የመጣን ሁሉ ፊቱን አስገልጥ።»

እስካሁን ሌባ አልገጠመኝም። አለንጋ የያዙ ሁለት እውነተኛ ባላባቶች ግን አስገልጫለሁ... ይህንንም የምጽፈው በሆዴ ተኝቼ ነው።