ፈተናውን ሁሉ ያለፈው ጓንት

ዛሬ ሮቤ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ፣ ነርሷ የእግሬን ቁስል አይታ እንደጨረሰች ጓንቷን አውልቃ ስትጥለው ሳቄ አመለጠኝ።

በደርግ ጊዜ ጎባ ሳስተምር ለጤና ጣቢያው አንድ ካርቶን የሕክምና ጓንት መጣ። «ሳይመረመር ሥራ ላይ አይውልም» ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የሳይንስ መምህር ነኝና ሰብሳቢ ሆንኩ።

አዋላጇ «መምህር፣ ምጥ የያዛት እናት አለችኝ፤ ቶሎ በሉ እንጂ!» አለች።

እኔ ግን በናሙና አላምንም። (ይህ ጠባይ እስካሁን አልለቀቀኝም።) እያንዳንዱን ጓንት ውሃ ሞልተን፣ አንጠልጥለን አየን። አንድም አላፈሰሰም።

ማኅተም መትቼ ሳስረክባት ካርቶኑን አገላብጣ አነበበች።

«‹ለአንድ ጊዜ ብቻ› ይላል እኮ! አንዱን ጊዜ እናንተ ጨረሳችሁት!»

ቀቅላ ያቆየችውን አሮጌ ጓንት አጥልቃ ገባች። እናትየዋ በሰላም ተገላገለች፤ ኮሚቴው ግን ጓንት አጥር ላይ ሲያሰጣ ዋለ።

እናንተስ፣ ስታጣሩ ያበላሻችሁት ነገር አለ?