የአባቴን ጉርሻ ስበላለት

ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ሲያውደኝ ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሆዴ በፊት የሚሰናዳው ጉንጬ ነው። ሳላውቀው አፌን ከፈት አደርጋለሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ባሌም ይስቅብኛል። እኔ እኮ ልጅነቴን የጨረስኩት የአባቴን ጉርሻ እየበላሁለት ነው!

አባቴ ፍኖተ ሰላም ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ስኳር በሽታ እንዳለበት የታወቀው እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ነርሷ እንጀራውን ቀንስ፣ ሻይህን ያለ ስኳር ጠጣ፣ ቅቤና ጠላ ተው፣ ጎመንና ባቄላ አዘውትር፣ አለዚያ ዓይንህን ታጣዋለህ አለችው። ቤት ውስጥ ችግር አልነበረም። እናቴ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ስታሰማምረው ሽታው ከደጅ ይቀበለን ነበር፤ እኛም ሽሚያ ነው። ጉዱ የሚጀምረው ከቤት ሲወጣ ነው።

በእኛ አገር ክርስትና ወይ ሰርግ ወይ ማኅበር የሌለበት ሳምንት የለም። ደግሞስ ማን ዝም ብሎ ያስበላል? "በሞቴ! አፈር ስሆን! ይቺን ብቻ!" ነው። አባቴ "በሞቴ" ያለውን ሰው እጅ መመለስ አይሆንለትም። ስኳር አለብኝ እንዳይል ይፈራል፤ ዓይኑ ሊደክም ነው ከተባለ ማን ጨርቁን አምኖ ይሰጠዋል? ከአንድ ሰርግ መልስ ራሱን ስቶ ሲወድቅ እናቴ ፈረደች። "ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ አብራህ ትሄዳለች። የመጣውን ጉርሻ ለሷ ስጥ፤ ለልጁ ሰጠ ብሎ የሚቀየም የለም።"

እንዲህ ሆኜ ተሾምኩ። ሹመት ነው እንጂ ምን ይባላል! እኩዮቼ ውጭ አቧራ ላይ ሲራገጡ እኔ ከትልልቆቹ መሀል፣ ከአባቴ ክንድ ሥር ተቀምጬ እጎርሳለሁ። መንገድ ላይ እጄን ይዞ፣ "ዛሬ ሆድሽን አዘጋጅተሻል?" ይለኛል። "ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም!" እለዋለሁ። እንስቃለን።

አንድ የፍስክ ቀን የወሩ ማኅበር ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚኖሩ አንዲት ባልቴት ቤት ደረሰ። የሳቸው ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። ለአባቴ የመጀመሪያውን ይዘው መጡ፤ ወደ እኔ ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ። ሦስተኛው ሲመጣ አፌ ገና ሙሉ ነበር፤ ጉንጬ ተወጥሮ እንባዬ ይወርዳል።

"አሁንስ ለልጅቱ አይሆንም!" አሉ ባልቴቷ። "ምን አስቀየምኩህ? በሞቴ!"

አባቴ አየኝ። ከዚያ እጃቸውን ያዘና፣ "እናቴ፣ ስኳር አለብኝ። ዓይኔን ሊወስደው ነው" አለ።

የወጡ ድስት ብቻ ከጓዳ ይንተከተካል። እኔ ጉርሻዬን መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። አለቀልን፣ ከእንግዲህ ማንም ልብስ አያሰፋውም ብዬ ነበር።

ከላይ የተቀመጡት ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔም ደም ብዛት አለብኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ጨውና ቅቤ ተከልክያለሁ። እያፈርኩ ነው የምበላው።" በሩ አጠገብ የነበረ አስተማሪ ደግሞ እንደ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ "እኔም ስኳር" አለ።

ባልቴቷ ጉርሻውን እንደያዙ ዙሪያውን አዩ። "ወይ ጉዴ! ታዲያ ይሄን ሁሉ ቅቤ የማፈሰው ለማን ኖሯል?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንግዳው ከመበተኑም በፊት፣ "በል፣ ለበዓል ቀሚስ ትሰፋልኛለህ፤ ዓይንህ ሳይደክም!" አሉት።

ስንመለስ ባሕር ዛፉ ይሸት ነበር፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። "በይ ነጻ ወጣሽ" አለኝ አባቴ። "ከእንግዲህ የራስሽን ብቻ ነው የምትበዪው።" ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ።

"ምነው፣ ሆድሽን አመመሽ?"

"ካንተ ጋር መሄዴ ቀረ?"

ቆመ። ጎንበስ ብሎ በጋቢው ጫፍ እንባዬን ጠረገልኝ። "የቀረው ጉርሻው ነው እንጂ አንቺማ መቼ ቀረሽ" አለኝ።

በሚቀጥለው ወር አብሬው ሄድኩ። ከማዕዱ ላይ ጎመንና የባቄላ ክክ በዝቶ፣ "ምነው፣ ጾም ገባ እንዴ?" እየተባባሉ ሙልጭ አድርገው ሲበሉ ከበሩ ሆኜ ሰማኋቸው። እኩዮቼ ጠርተውኝ ነበርና ውስጥ አልገባሁም። አባቴ በየመሀሉ ከቤት ብቅ ይላል። በዚያ ሁሉ አቧራ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሀል፣ እኔን ለይቶ ያይና ፈገግ ብሎ ይመለሳል።