የሰረዝኳቸው አራት መስመሮች

ከማያስብ ሰው ጋር ትዕግሥት የለኝም። ስለዚህ ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል፣ ዓርብ ዓርብ ለቤት ሠራተኛ እህቶቻችን "እንደ ኮምፒውተር ማሰብ" የሚል ትምህርት ስጥ ስባል እሺ ማለቴ ይገርመኛል። ኢንጂነር ነኝ፤ ስለመን ደስ ይለኛል መሰለኝ።

ዘዴው ቀላል ነው። ችግሩን ትከፋፍለዋለህ፣ የማይረባውን ትጥላለህ፣ የቀረውን ማንም ሳይጠይቅ እንዲሠራው በተራ ትጽፋለህ። የሻይ አፈላል ጻፉ ብላቸው አንዷ "መጀመሪያ ማን እንደመጣ አያለሁ" ብላ ጀመረች። በሆዴ ሳቅኩባት።

የባሰችብኝ ግን ሺፋ ሰፈር የምትሠራ አንዲት ዝምተኛ ሴት ነበረች። ሥራዋ የመርሳት ሕመም የያዛቸውን የአሠሪዋን እናት መጠበቅ ነው። የራሷ እናት አገር ቤት ታመውባታል። ማዳሟ፣ "አዲሷ ሠራተኛ እኔን ሳትጠራ አንድ ቀን ሙሉ እናቴን ከያዘችልኝ አገርሽ ትሄጃለሽ፤ ካልሆነ የለም" ብላታለች። ሥራዋን ለተተኪዋ በወረቀት ልታሰፍርላት ነው የመጣችው።

ወረቀቱን አየሁት። ማማ ለምትላቸው አሮጊት ክኒን ለመስጠት አንድ ገጽ! "የማማን ግንባር እስማለሁ። እንዴት አደርሽ እላታለሁ። አልሐምዱሊላህ እስክትል ደጋግሜ እጠይቃለሁ። አጠገቧ እቀመጣለሁ።" አራቱንም በቀይ ሰረዝኳቸው።

"እህቴ፣ ይሄ ወሬ ነው። ክኒን፣ ውሃ፣ ኸላስ፣ አለቀ።"

"ወንድሜ፣ እሷ እኮ..."

"ኮምፒውተር ሰላምታ አይሰጥም።"

ክፍሉ ሳቀልኝ። እሷም አንገቷን ደፍታ አመሰገነችኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ሰሌዳው ላይ ስለ ድግግሞሽ አስተማርኩ፦ የተፈለገው ነገር እስኪሟላ ድረስ አንዱን እርምጃ እየመላለሱ መሥራት። "ይሄ ለእናንተ ይከብዳል" አልኳቸው። ያቺ ሴት እጇን አወጣች።

"አልሐምዱሊላህ እስክትል ደጋግሜ እጠይቃለሁ ብዬ የጻፍኩት እሱ አይደለም እንዴ?"

ጠመኔውን አስቀምጬ ምን እንደደረሰ ጠየቅኳት።

አዲሷ ሠራተኛ እኔ ያሳጠርኩትን ወረቀት ቃል በቃል ፈጽማ ነበር። አሮጊቷ የማያውቁት ሰው ክኒን ይዞ ሲመጣባቸው ጮኹ፤ ክኒኑንም ተፉት። ማዳሟ ከሥራ ቦታ ተጠርታ መጣች፤ ጉዞውም ቀረ።

"ደጋግሜ የምጠይቃት እስክታውቀኝ ነው" አለችኝ ሴትየዋ። ቁጣ የለባትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንደገና እንጽፈው፤ ኢንሻአላህ..."

"ማዳም አንዴ ኸላስ ብላለች።"

በሕይወቴ የናቅኳቸውን ሰዎች ሁሉ ብደምር የዚያን ቀን ራሴን የናቅኩትን አያህሉም። በዚያው ወር የዓመት ፈቃዴ ደረሰ፤ አንድ ፊርማ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፣ ማንም አልፈተነኝም። አገር ቤት ልሄድ ስል ደወልኩላት።

"ለእናትሽ ዕቃ ላድርስልሽ?" አልኳት።

"እናቴ የምትጠብቀው ዕቃ ነው እንዴ?" አለችኝ።