የሃምዳ ፍየሎች

ዳሃቦ ፈሪ ናት። ይሄን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በወረደ ጊዜ ጎረቤቱ ገና ድምፁን ሳይሰማ እሷ ፍራሿን ጣራ ላይ አውጥታ ነበር። ውሻ ትፈራለች፣ ባጃጅ ትፈራለች፣ መርፌ ትፈራለች፤ ከሁሉም በላይ ግን ወረቀት ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ትፈራለች። ባሏ፣ አላህ ይማረውና፣ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። "አቦ ዳሃቦ፣ አንቺ እኮ ጥላሽ ቢከተልሽ ሄደሽ ለፖሊስ ትከሻለሽ" እያለ ይስቅባት ነበር። ተሳስቷል። ፖሊስም ትፈራለች።

ይቺ ሴት በዚህ ዓለም ደፍራ የያዘችው ነገር ቢኖር ሦስት ፍየል ነው። የምትኖረው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት ክፍልና አንዲት ጠባብ ግቢ ባላት ቤት ነው። ፍየሎቹም እዚያችው ግቢ፣ ከጎረቤቷ ከዑግባድ ሱቅ ጋር በሚያዋስናት ግድግዳ ስር፣ በቆርቆሮ በተከለለች በረት ያድራሉ። ወደ ማታ ገደማ ከተማው ጫቱን ቅሞ ሲጨርስ ዳሃቦ ማዳበሪያዋን ይዛ ከቤት ቤት እየዞረች ገራባ ትለቅማለች። ቃሚው ለጋ ለጋውን ቀንጥሶ የጣለው ቅጠል ለፍየሎቿ ራት ይሆናል። ወተታቸውን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለሻይ ቤት ታቀርባለች።

"ፍየሎቿ" አልኩ እንዴ? ዳሃቦ ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር። ፍየሎቹ የሷ አይደሉም፤ የልጇ የሃምዳ ናቸው። ሃምዳ ተወልዳ እትብቷ በታሰረ ቀን የዳሃቦ ወንድም ገዲ ከገጠር፣ ከጀልዴሳ፣ አንዲት ነጭ ግልገል ተሸክሞ መጣና "ይቺ የእትብትሽ ናት" ብሎ ሕፃኗ አጠገብ አሰራት። በሶማሌ ዘንድ ወግ ነው። ከዚያች ግልገል የሚወለድ፣ የተወለደውም የሚወልደው፣ ሁሉም የልጅቱ ነው። እናት ታልባለች፣ ትጠብቃለች እንጂ አትሸጥም፣ አታርድም፣ "የኔ" ብላም አትጠራም። ዳሃቦን እናቷ እንዳስተማረቻት ከሆነ፣ እናት የልጇን የእትብት ፍየል "የኔ ናት" የምትለው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ልጅቱ ሞታ ስትወርሳት።

ሃምዳ ደግሞ ቤት የለችም። ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብላ ነበር የወጣችው። ከዚያ አንድ ቀን ከኦቦክ፣ ከጅቡቲው ወደብ፣ ደወለች። "ሆዮ፣ እናቴ፣ ነገ ጀልባ ልንሳፈር ነው፤ ዱዓ አድርጊልኝ" አለች፤ ንፋስ ነበር፣ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ተዘግቶም ቀረ። ቀጥሎ የደወለላት ልጅቱን የሚያሻግረው፣ የማታውቀው ደላላ ነው። "ለማንም አፍሽን እንዳትከፍቺ፤ የልጅሽ ነፍስ ያለው አፍሽ ላይ ነው" አላት። ፈሪ ሴትን እንዲህ ይሏታል? አፏን ዘጋች። ለጠየቃት ሁሉ "ደወሌ ናት፣ ደህና ናት" ትላለች። ለገዲም፣ ለእናት ልጅ ወንድሟ፣ ይህንኑ አለችው። ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ታዲያ ነገሩ የተነሳው ከአንድ ልብስ ነው። ዑግባድ ጨርቃ ጨርቅ ትነግዳለች። ትንሿ ፍየል ገመዷን በጥሳ ወጣችና ሱቁ ደጃፍ ከተሰቀለው ድራዕ፣ ከሶማሌው ቀሚስ፣ ዘርፉን ጥርግ አድርጋ በላች። ዑግባድ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምላሷ ብቻ ነው ከልቧ የሚቀድመው። በዚያው ንዴቷ ቀበሌ ሄዳ ሽታው ገደለኝ፣ ዝንቡ ደንበኛ አባረረብኝ፣ ግድግዳዬን ሽንት በላው ብላ ከሰሰች። ንዴቷ በነጋታው በረደ፤ ክሱ ግን ሄዷል።

በሩ ሲንኳኳ ዳሃቦ እያለበች ነበር። ሚክዳድ ይባላል የመጣው፤ ከቀበሌ ነው፣ ሁለት ደንብ አስከባሪ አስከትሏል። ወረቀቱን ስታይ እዚያው ጆጓ አጠገብ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች።

"እማማ ዳሃቦ፣ አይዞሽ" አላት። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፤ አንቺ ያለው ንቆ አይደለም። "ደንቡ ቀላል ነው። መኖሪያ ግቢ ውስጥ ከሦስት ፍየል በላይ አይፈቀድም፤ ያንቺ ሦስት ነው። በረቱ ከጎረቤት ግድግዳ ይራቅ፤ ወደዚያኛው ጥግ ታዞሪዋለሽ። ባለቤቱ እዚሁ ግቢ የሚኖርና የተመዘገበ መሆን አለበት። ባለቤት የሌለው እንስሳ ግን በመኪና ይሰበሰባል። ያንቺ ናቸው፣ አይደል?"

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር። ሻይ ቤቱ ወተቱን፣ እሷም እንቅልፏን ያገኙ ነበር። ግን ዳሃቦ ሃምዳ ከተወለደች ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ አዎ ብላ አታውቅም።

"የኔ አይደሉም" አለች።

"እና የማን ናቸው?"

"የሃምዳ። የልጄ።"

"ጥሪያታ።"

የደላላው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣ። "ገበያ ወጥታለች" አለች።

ሚክዳድ ሰዓቱን አየ። "እሺ፣ ሰኞ ጠዋት ይዘሻት ቀበሌ ነይ፤ ትመዝገብ። ካልመጣች ግን ባለቤት የላቸውም ማለት ነው። ያኔ በኔ እንዳትፈርጂ" ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፍርሃት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። በረቱን ብቻዋን ነቅላ ወደዚያኛው ጥግ ተከለችው፤ ቆርቆሮው መዳፏን ቆርጧት ደሙን በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ቀጠለች። ደንቡን ብፈጽም ይተዉኝ ይሆናል ብላ ነው። ደግሞ ሌላ አመል አመጣች። የዚያች የእትብት ግልገል ዘር የሆነችው ነጯ ፍየል ገራባዋን ከበላች ሃምዳ ደህና ናት ትላለች፤ አልበላ ካለች ሃምዳ ታማለች፣ ወይ ርቧታል ብላ ራሷም ሳትቀምስ ትውላለች። እፍኝ ቅጠል ይዛ ፍየሏ አፍ ስር "ብዪልኝ፣ በአላህ ብዪልኝ" ስትላት የሰማ ሰው አብዳለች ይል ነበር። ፍየሎቹ ከተወሰዱስ? ይሄን ሐሳብ ትጀምረዋለች እንጂ አትጨርሰውም።

ፍየሎቹን ገዲ ዘንድ፣ ጀልዴሳ መላክ እንዳለ ታውቃለች፤ ደንቡ ከከተማ ውጭ አይደርስም። ግን ገዲን ታውቀዋለች። "ባለቤቷ ፈቅዳለች ወይ? ደውይላትና ከአፏ ልስማ" ነው የሚላት፤ የሰው ከብት እንዲሁ አይነዳም። ስልኩን አንስታ ስሙን ታወጣለች፤ ከዚያ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ሰኞ ደረሰ።

ቀበሌ ስትገባ ዑግባድ ከሳሽ ናትና ቀድማ ተቀምጣለች። በሻሿ ጫፍ እያራገበች፣ የዳሃቦን ዓይን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ከመስኮቱ ውጭ መኪናው ቆሟል፤ ከሌላ ሰፈር የለቀማቸው ፍየሎች ተጭነውበት ይጮኻሉ።

"ልጅሽስ?" አለ ሚክዳድ።

"አሟታል።"

"እማማ ዳሃቦ፣ ባለፈው ገበያ ነበረች።"

ዳሃቦ የቆሰለ መዳፏን በሻሿ ሸፈነች። ሚክዳድ ሥራው በዝቶበት እንጂ ጨካኝ ሰው አይደለም፤ እሷም እናቱን ሳታስታውሰው አልቀረችም። ወንበሩን አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚኝ። እኔ ፍየል ጭኜ ምን አገኛለሁ? 'የኔ ናቸው' በይ። ባንቺ ስም እመዘግባለሁ፣ ትሄጃለሽ። አንድ ቃል እኮ ነው።"

ከውጭ አንዷ ፍየል እንደ ሕፃን አለቀሰች። ዳሃቦ ወደ መስኮቱ ዞረች። ነጯን በዚያ መኪና ላይ በሐሳቧ አየቻት፤ እግሯ ታስሮ፣ የማታውቀው ሰው ገመዷን ይዟት። መቼ እንደወሰነች ራሷም አታውቅም።

"የኔ ናቸው" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚክዳድ እፎይ ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። ዑግባድ ግን ማራገቧን አቆመች። እሷም ሶማሌ ናት፤ የራሷ ልጆች እትብት በፍየል የታሰረ ነው። ያቺ ቃል ከእናት አፍ መቼ እንደምትወጣ ለዑግባድ የሚያስረዳት ሰው አያስፈልግም።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች ቀስ ብላ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ እየሳበች። ተነስታ መጥታ የዳሃቦን እጅ ያዘች። "አባዮ፣ እህቴ፣ መቼ ነው? ሃምዳ መቼ ሞተች? እኛ ጎረቤት አይደለንም?"

ዳሃቦ ምን እንዳለች የገባት ይህን ስትሰማ ነው። ልጇን በአፏ ቀብራታለች። ኦቦክ ያለው ባሕር ያላደረገውን ይሆናል እሷ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያደረገችው። እስከዛሬ ከፈራችው ሁሉ፣ ከጎርፉም፣ ከደላላውም፣ ይሄ ባሰባት።

"አልሞተችም" አለች። ከዚያ ወደ ሚክዳድ ዞረች። "ያልኩትን መልስልኝ።"

"ምኑን?"

"የኔ ናቸው ያልኩትን። የኔ አይደሉም። የሃምዳ ናቸው።"

"እንግዲያው ይጫናሉ እኮ።"

"ይጫኑ" አለች ዳሃቦ። "ሃምዳ እዚህ የለችም። በጀልባ ሄዳለች። ባሕሩ ላይ ትሁን፣ ማዶ ትሁን አላውቅም። ስልኳ አይሠራም። እንዳትናገሪ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ተናገርኩ። እኔ ጠባቂ ነኝ፣ ባለቤቷ እሷ ናት።"

ተናግራ ስትጨርስ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን የሆነ ነገር ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ያ ሰውዬ ሰምቷል፣ አበቃ። ስልኩ ግን አልጮኸም። ቢሮው ውስጥ የሚሰማው የፍየሎቹ ጩኸት ብቻ ነበር።

"ክሴን ትቻለሁ" አለች ዑግባድ፣ የዳሃቦን እጅ ሳትለቅ። "ድራዑም ይቅር።"

ሚክዳድ ራሱን አከከ። "አንቺ ብትተዪ ደንቡ አይተውም። የሌለ ሰው መመዝገብ አልችልም።" ወደ መስኮቱ አየ። "መኪናው መጋላ የሚገባው ከአስር ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከከተማ የወጣ ፍየል እኔን አያገባኝም። ገጠር ዘመድ የለሽም?"

ዳሃቦ ለገዲ የደወለችው ከቀበሌው በር ሳትርቅ፣ ዑግባድ ትከሻዋን ይዛት ነው። ሁሉንም ነገረችው። "ይሄን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽው ነበር?" አለና "መጣሁ" ብሎ ዘጋ።

ከአስር ሰዓት በፊት ፒካፕ ተከራይቶ ደረሰ። ባለቤቷ ፈቅዳለች ወይ ብሎ አልጠየቀም። አንድ በአንድ አቅፎ ጫናቸው። ነጯ ግን አልሄድ ብላ አራት እግሯን ተከለች፤ ዳሃቦ ራሷ ገፋቻት። ስትገፋትም "ሃምዳ ስትመጣ ትመጫለሽ" ትላት ነበር። መኪናው ሲታጠፍ ጩኸቷ ከመንገዱ ወዲያ ተሰማ።

ዑግባድ ሱቋን ዘግታ ገባች። የወንድሟ ልጅ ሊባን ኦቦክ ወደብ ላይ ይሠራል፤ ስለ ጀልባዎቹ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ደውላ የሃምዳን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የሄደችበትን ጊዜ ነገረችው። ጠይቆ መልሶ እንደሚደውል ነገራት። ልትዘጋው ስትል ግን ወደ ዳሃቦ ዞረች።

"አባዮ፣ ካገኛትና ፍየሎቼስ ብትለው ምን ይበላት?"

ዳሃቦ ባዶውን በረት አየች። ገራባው ሳይበላ ቀርቷል። መዳፏ ላይ ያለው ቁስል እንደገና ይደማል።

"ሜዳ ወጥተዋል ይበላት" አለች። "ይመለሳሉ ይበላት።"

ዑግባድ ይህንኑ ለሊባን ነግራ ዘጋች። ከዚያ ስልኩን መሐላቸው አስቀምጠው፣ ሁለቱም እሱን እሱን እያዩ ተቀመጡ።