ዓርብ ዓርብ የሚሳለው ምላጭ

የጅግጅጋው ፀጉር አስተካካይ ገብረየስ በማጭበርበር ስሙ ተነስቶ አያውቅም። ጨዋታ ያበዛል፣ የኳስ ወሬ ከተነሳ መቀሱን አየር ላይ አንጠልጥሎ ይረሳዋል፤ ክፋት ግን የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ የሚያታልለው።

ሽማግሌው ጎረቤቱ ሐጂ ፋራህ ናቸው። በሁለት ሺህ አሥር ክረምት ከተማው ሲታመስ የገብረየስ ፀጉር ቤት ተዘርፎ መስተዋቱ እንኳ አልተረፈም ነበር። ቤተሰቡን ይዞ ከተጠለለበት ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ባዶው ግድግዳ ፊት ሲያለቅስ፣ ሐጂ ፋራህ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ባለ ቀንድ እጀታ ታጣፊ ምላጭ ነው፤ አባታቸው ከየመኗ ኤደን ያመጡት፣ ከነመሳያ ቆዳው።

«ወርያ ገብረየስ፣ በዚህ ጀምር» አሉት። «አደራ ግን፣ ጠብቀው።»

በዚያ ጀመረ። ወንበሩንም መስተዋቱንም መልሶ ያስገዛው ያ ምላጭ ነው።

አያያዙንም ያውቅበት ነበር። ቆዳውን ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አንጠልጥሎ በግራ እጁ ወጠር ያደርገዋል፤ ምላጩን አስተኝቶ ወደ ላይ ይስበዋል፣ በጀርባው በኩል ገልብጦ ወደ ታች ይመልሰዋል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይበላዋል፤ ቆዳው ከላላም ስለቱ ይዶለዱማል።

አንድ ሐሙስ ግን ከቶጎጫሌ የመጣለትን የሰልባጅ ጥቅል ለመክፈት ቸኮለ፤ በፀጉር ሥራው ላይ የልብስ ንግድ ሊደርብ አምሮት ነበር። መቀሱ ራቀው፣ ምላጩ ቀረበው። ገመዱን እቆርጣለሁ ሲል ከሥሩ ያለው የቆርቆሮ ማሰሪያ ላይ አሳረፈውና ቀጭ አለ። ከስለቱ መሀል የሩዝ ፍሬ የምታህል ተሸርፋለች። በድንጋይ ቢለው፣ በቆዳ ቢለው፣ አልሆነም።

በማግስቱ ሐጂ ፋራህ ከጁምዓ ሰላት በፊት ራሳቸውን ሊላጩ መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ገና ዓመት አልሞላም። ገብረየስ ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«ዓይኔን አላህ ወሰደው፤ አልከፋኝም። ይህን የቆዳ ድምፅ ስሰማ አባቴ አጠገቤ ያለ ይመስለኛል። ሳልልኝ እስቲ።»

ምን ይበል? ሳለ። የተሸረፈውን ምላጭ ቆዳው ላይ አመላለሰና አጥፎ አስቀመጠው፤ ከዚያ ከኪዮስክ ገዝቶ ለሁለት በሰበረው ስስ ምላጭ ላጫቸው።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂው አናታቸውን እየዳበሱ። «እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ የታለ?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የገብረየስ ግን ጭራሽ ጠበቀ። ዓርብ በዓርብ ላይ ተደረበ። የኪዮስኩ ምላጭ ለሁለት ሲሰበር ድምፁ እንዳያጋልጠው ሽማግሌው ከመምጣታቸው በፊት በወረቀት ጠቅልሎ ይሰብራል። ሚስቱ ተናኘ «ንገራቸውና ተገላገል» ስትለው «ለሚመጣው ዓርብ» ይላል። ይበልጥ የሚያቃጥለው ምርቃታቸው ነበር። ከወንበሩ ሲነሱ እጁን ጨብጠው «አደራ ጠባቂ ነህ፣ አላህ ይጠብቅህ» ሲሉት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል።

ዘንድሮ የሐጂ ልጅ ሂቦ ወንድ ልጅ ወለደች። በሰባተኛው ቀን በግ ታርዶ ስም ሲወጣ የሕፃኑ ፀጉር ይላጫል። «በአባቴ ምላጭ ነው የሚላጨው፤ የምትላጨውም አንተ ነህ» አሉት ሐጂ። ገብረየስም «እሺ» አለ።

በዕለቱ ግማሽ ምላጩን በአንድ ኪስ፣ የአደራውን በሌላው ይዞ ሄደ። ሂቦ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀመጠች። ገብረየስ ቆዳውን የበሩ እጀታ ላይ አስሮ ምላጩን ሳለ። ዞር ሲል የሕፃኑን እርግብግቢት አየ፤ ትር ትር ትላለች። እዚህ ላይ ግን መዋሸት አቃተው።

«ሐጂ፣ ይህ ምላጭ አይላጭም» አለ።

ከፍቶ አውራ ጣታቸውን በስለቱ ጎን በዝግታ አሳለፈላቸው። ጣታቸው የተሸረፈው ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መቼ ነው?»

«ቆይቷል። ዓይንዎ በጠፋ ዓመት።»

«እኔን በምን ስትላጨኝ ኖርክ?»

«ከኪዮስክ በምገዛው።»

«ታዲያ ይህን ለምን ትስለዋለህ?»

ሐጂ ፋራህ ምላጩን ራሳቸው አጥፈው መለሱለት።

«ሀየ፣ እሺ። ሕፃኑንም በዚያው ላጨው» አሉ።

ላጨው፤ አንዲት ጭረት እንኳ አልነካውም። ሻይና ቴምር ቀረበለት፤ ሳይነካው ወጣ።

ዓርብ ሲመጣ ሐጂው ይመጣሉ ብሎ አላሰበም። በትራቸው ደጁን ሲነካ ሰማ። ገብተው የለመዱት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ገብረየስ ከደስታው ብዛት እጁ ራሱ ወደ ቆዳው ሄደ።

«ተወው ገብረየስ» አሉ። «ላጨኝ ብቻ።»

ላጫቸው። ሲጨርስ ተነስተው እንደ ወትሮው እጁን ጨበጡት። ገብረየስ አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ጠበቀ። ሐጂ ፋራህ በትራቸውን ፈልገው አነሱና ወደ መስጊዳቸው ሄዱ።