ከአፎቱ አልወጣ ያለው ጩቤ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ብሩክሊን ሴንተር ካለው ቤቴ የተነሣሁት የባለቤቴን የኃይሉን ጩቤዎች በፎጣ ጠቅልዬ የመኪናዬ ትራንክ ውስጥ አድርጌ ነው። አሥራ አንድ ናቸው፤ የአሜሪካ ወታደሮች በድሮ ጦርነቶች የታጠቋቸው፣ እጀታቸው ከተደራረበ ቆዳ የተሠራ። ኃይሉ ታክሲ እየነዳ በትርፍ ጊዜው ይሰበስባቸው ነበር። ጩቤዎቹን በአንድ መሳቢያ፣ አፎቶቹን በሌላ ያስቀምጣል። እኔ ዝርክርክነት እለው ነበር።

አምና ሲሞት ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ሞላ። በሐዘን ቤት መሳቢያ ከፍተው ራቁቱን የተጋደመ ጩቤ ቢያዩ ሰዎች ምን ይሉኛል ብዬ ሁሉንም በየአፎታቸው ከተትኋቸው። በዚህ ሳምንት ሳያቸው ዝገት ይዘዋል። አንደኛው፣ ኃይሉ ስድስት ዓመት አፎት ሲፈልግለት የኖረው፣ ጭራሽ አልወጣም አለ። አበላሽቼበት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ሴንት ፖል ከተማ ነው ያለው፤ ለኃይሉ ጩቤ ይሸጡለት የነበሩት ሚስተር ሎይድ።

ናይንቲ ፎር አውራ ጎዳና ላይ የክረምቱ በረዶ አስፋልቱን ቦርቡሮታል። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ከኋላዬ ብረት ይንኳኳል። ሚሲሲፒን ስሻገር ወንዙ ግማሹ ገና አልቀለጠም።

አራት ሰዓት፣ ሴንት ፖል

ሚስተር ሎይድ ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ጋራዣቸውን ሱቅ አድርገውታል። ኃይሉ ዋጋ ሲከራከር የምሳ ሰዓታቸው እያለፈ ስንት ቀን ጦማቸውን እንደዋሉ እየነገሩኝ የቆርቆሮ ሾርባ አሞቁልኝ። ከዚያ አሥሩን አንድ በአንድ አውጥተው በዘይት ጨርቅ ጠረጉ። ዝገቱ ላይ ላዩን ነው አሉ። አሥራ አንደኛውን ሞከሩና ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት።

«ማነው የከተታቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ቆዳ ሲለፋ የጠጣው ኬሚካል እርጥበት እየሳበ ብረት እንደሚበላ አስረዱኝ። ሰብሳቢ ሁሉ ለያይቶ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። አሁን የአፎቱን ስፌት ቢፈቱት ጩቤው ይተርፋል፤ አፎቱ ግን የቀድሞ ዋጋውን ያጣል። ካልፈቱት ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

«ኃይሉ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» አልኋቸው።

«ኃይሉ ቢሆን እዚህ አያደርሰውም ነበር» አሉ። ወዲያው ግን አፍረው መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

«ይፍቱት» አልሁ።

እያንዳንዱን ስፌት በመርፌ እያነሡ ሲፈቱ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ጩቤው ሲወጣ ጫፉ ተበልቷል፤ መሐሉ ደህና ነው። አፎቱ እንደ ቅጠል ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። መልሼ እሰፋዋለሁ ቢሉ ይቆይ አልኋቸው። ሁሉንም ከአንቺ ልግዛ ሲሉኝም እምቢ አልሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

ጩቤዎቹን በአንድ መሳቢያ፣ አፎቶቹን በሌላ ስደረድር ልጄ ሶስና መጣች። ለምን እንደምለያያቸው በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«ቆዳው ብረቱን ስለሚበላው ነው» አልኋት።

«ኦኬ ማሚ» ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። እኔ በነዚህ መሳቢያዎች ሃያ ሦስት ዓመት ተናድጃለሁ። ኃይሉን ግን ለምን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።